ማንም የማያውቃቸውን እጩዎች ዲቤት ላይ እንዴት እናስገባ (አዳራሹ ሳይዘጋብን)

ምርጫ በደረሰ ቁጥር እዚህ ሜሪላንድ የኮሚኒቲ ሰዎች ይደውሉና "እጩዎቹን ሰብስበን እናከራክር ብለን ነበር ግን በጣም ብዙ ናቸው፣ የሚታወቁትን ሁለት ሦስት ብቻ ብንጠራስ?" ይላሉ። መልሴ አጭር ነው፣ ሁሉንም ጋብዙና ጭንቀታችሁን ሰዓቱ ላይ አድርጉት። እንዴት እንደሚደረግ ከዚህ በታች እጽፋለሁ፣ አብዛኛውን ተሳስቼ ነው የተማርኩት።

የመጀመሪያው ጊዜ እኛም "የሚታወቁትን" ነበር የጠራነው፣ ሦስት ሰው። ዝናብ ነው፣ ሰው ጃንጥላውን እያራገፈ ሲገባ በሩ ላይ አንዲት ጠና ያለች ሴትዮ የረጠበ ፍላየር ታድላለች፣ ለካ እሷም ለዛው ወንበር እጩ ናት፣ ስሟ ባሎቱ (የድምፅ መስጫ ወረቀቱ) ላይ አለ፣ እኛ ግን አልጠራናትም። እውነቱን ልናገር፣ አይቻት "ሳይጠሩት አቤት" ብዬ በልቤ ስቄባታለሁ። ውስጥ ደግሞ ማታ ማታ ጽዳት የምትሰራ አንዲት እናት ተነስታ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከስራ ስወጣ አውቶብስ የለም፣ ምን ታደርጉልኛላችሁ ብላ ጠየቀች፣ ሦስቱም "በጣም ጠቃሚ ጥያቄ ነው" ብለው አለፉ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ስወጣ ያቺ እናት በር ላይ ቆማ በልጇ አስተርጓሚነት ከሴትዮዋ ጋር ስለ አውቶብሱ ቁጥር ታወራለች፣ ሴትዮዋም በዛው አውቶብስ ነው የምትመላለሰው። በምርጫው አልተሳካላትም፣ እንዲያውም ከጭራ ነበር የወጣችው። እኔን የሚቆጨኝ መሸነፏ አይደለም፣ ያንን ወሬ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ መስማት ሲገባው ዝናብ ላይ መቅረቱ ነው።

"ማንም አያውቃቸውም፣ ለምን ጊዜ እናጠፋለን" የሚል ሰው የማኅበሩ ቦርድ ውስጥ አይጠፋም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) በ1998 ሚኒሶታ ላይ ጄሲ ቬንቹራ የሚባል የድሮ ትግል ተጫዋች ለገዥነት ተወዳድሮ መስከረም አካባቢ ፖሉ (የሕዝብ አስተያየት ጥናቱ) ላይ 10 በመቶ ገደማ ነበር፣ ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ሰዎች እኩል ዲቤት ላይ አስገቡት፣ በህዳር በ37 በመቶ አሸንፎ ቁጭ አለ። ሮስ ፔሮ ደግሞ በ1992 ፕሬዚዳንታዊ ዲቤቶቹ ላይ ቆሞ 19 በመቶ አካባቢ ድምፅ አገኘ፣ በ1996 ግን አያሸንፍም ተብሎ በሩ ተዘጋበት። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ ፕሬዚዳንታዊ ዲቤቶቹን ያዘጋጅ የነበረው ኮሚሽን ፖል ላይ 15 በመቶ ያላመጣ አይገባም ብሎ ደነገገ። ሰው ሳያውቅህ 15 በመቶ አታመጣም፣ 15 በመቶ ካላመጣህ ደግሞ ሰው የሚያውቅህ ቦታ አያስገቡህም። ሩቅ ምን አስኬደን፣ በኛ አቆጣጠር የ97ቱን የኢትዮጵያ ምርጫ የሚያስታውስ ሰው ልደቱ አያሌውን ስንቱ ሰው በቲቪ ክርክር እንዳወቀው ያስታውሳል፣ ከዛ በፊት ታዋቂ የነበሩትን ብቻ አስገቡ ቢባል ኖሮ እነማን ይቀሩ እንደነበር አስቡት። በዛ ላይ የካውንቲ ምርጫ ፖል የሚባል ነገር ብዙም የለውም፣ ስለዚህ "ታዋቂ" ማለት በተግባር የቦርዱ ሰብሳቢ የሚያውቀው ሰው ማለት ነው።

እሺ ወደ ስራው። የመጀመሪያው ስራ ስም ሳታዩ መስፈርት መጻፍ ነው። ግማሽ ገጽ ይበቃል፣ ስሙ የስቴቱ ምርጫ ቦርድ ዝርዝር ላይ ያለ፣ ራሱን ያላገለለ፣ እስከዚህ ቀን መልስ የሰጠ፣ አምስት ጥያቄ በጽሁፍ የመለሰ፣ አለቀ። የማኅበሩ ቦርድ ይፈርምበት፣ ቀን ይጻፍበት፣ ከዛ በኋላ ነው ዝርዝሩ የሚከፈተው። ይሄ ቢሮክራሲ ከመሰላችሁ ማኅበራችሁ 501ሲ3 (ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት) መሆኑን አስታውሱ፣ ማንንም እጩ መደገፍ አትችሉም፣ ዲቤት ግን ማዘጋጀት ትችላላችሁ፣ ለሁሉም እኩል እስከሆነ ድረስ። የኮንግረስ ምርጫ ከሆነ ደግሞ የፌደራል ምርጫ ኮሚሽኑ ቀድሞ የተቀመጠ ግልጽ መስፈርት ይኑራችሁ ይላል፣ ቢያንስ ሁለት እጩም መኖር አለበት። እና እባካችሁ፣ "እንቁጣጣሽ ላይ ነጭ ለብሶ የጨፈረልን ሰውዬ" መስፈርት አይደለም። ሀበሻ እጩ ካለም ያው ነው፣ ከሌሎቹ እኩል ሁለት ደቂቃ፣ ጭብጨባውን ሰው በራሱ ያጨብጭብለት።

ግብዣውን ለሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ አይነት ደብዳቤ ላኩ። አንድ ነገር ታያላችሁ፣ የማይታወቁት በአስር ደቂቃ ይመልሳሉ ምክንያቱም ስልኩን የሚያነሱት ራሳቸው ናቸው፣ የታወቁት ደግሞ ፕሮግራም ያዥ አላቸው፣ "እናሳውቃችኋለን" ይባልና ሁለት ቀን ሲቀረው ይደወላል። የመልስ ቀን ቁረጡና ለማንም አታራዝሙ። "እከሌ ካለ እኔ አልመጣም" የሚል ቢመጣም አትደንግጡ፣ በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር እንኳን ጆን አንደርሰን የሚባል ሦስተኛ እጩ አለበት ብለው ቀሩ፣ ሬገንና አንደርሰን ባልቲሞር ላይ ለብቻቸው ተከራከሩ። ስሙን ጠርታችሁ "ተጋብዘው ነበር፣ አልተመቻቸውም" ብላችሁ እለፉ፣ ባዶ ወንበር ላይ ስም ለጥፎ ማሾፍ ግን ለማኅበር አይሆንም።

አሁን ዋናው፣ ሂሳቡ። በ2018 ሞንጎመሪ ካውንቲ ላይ በመላው ካውንቲ ለሚመረጡ አራት የካውንስል ወንበሮች በዴሞክራት በኩል ብቻ 33 ሰው ተወዳድሮ ነበር። 33 ሰው ሁለት ሁለት ደቂቃ ራሱን ቢያስተዋውቅ 66 ደቂቃ፣ አስተርጓሚ እየጠበቀ ከተረጎመ 132 ደቂቃ፣ አዳራሹን የተከራያችሁት ለሁለት ሰዓት ነው፣ በቃ ጥያቄ የሚባል የለም። እዚህ ጋ ነው ሰው "በሉ እንቀንስ" የሚለው። መቀነስ አያስፈልግም፣ ከአስር በላይ ሲሆኑ መድረኩን ራሱን ተዉት። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ በየጠረጴዛው እየዞሩ ሰላም እንደሚሉት፣ እጩዎቹ ይዙሩ። አስር ጠረጴዛ፣ እያንዳንዱ ላይ ስምንት ሰውና አንድ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ፣ በሰባት ሰባት ደቂቃ ደወል። ከአስር በላይ ለሆኑት ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ፣ ከሃያም ካለፉ ሦስት ሦስት ወይም ሁለት ቀን ይሁን። በሁለት ቀን ስትከፋፍሏቸው ግን ትልልቆቹን አንድ ቀን ትንንሾቹን ሌላ ቀን እንዳታደርጉ። በ2015 ሪፐብሊካኖቹ እንደዛ አድርገው ፖል ላይ ከመጀመሪያዎቹ አስር ውጪ የሆኑትን አመሻሹ ላይ ለብቻ አከራከሯቸው፣ ስሙ ራሱ "የህጻናት ጠረጴዛ" ተባለ። በ2019 ዴሞክራቶቹ የተሻለ አደረጉ፣ 20 ሰው በሁለት ምሽት በዕጣ፣ ዕጣውንም ፖል ላይ ከፍ ያሉትንና ዝቅ ያሉትን ለይተው አወጡት፣ ስለዚህ ሁለቱም ምሽት ላይ ሁለቱም አይነት ሰው ነበረ።

ከስድስት እስከ አስር ከሆኑ መድረክ ይቻላል። ግን አንድን ጥያቄ ለስምንቱም አትጠይቁ፣ አራተኛው ላይ ሰው ስልኩን ያወጣል፣ ስድስተኛው "ከጓደኛዬ ጋር እስማማለሁ" ይላል። እያንዳንዱን ጥያቄ በዕጣ ለሦስት ሰው ስጡ፣ የተቀሩት ደግሞ ለማታው በሙሉ ሁለት ሁለት ቀይ ካርድ ይኑራቸው፣ መናገር የፈለገ ካርዱን ከፍሎ 45 ሰከንድ ይገባል። ካርዱን ሲቆጥቡ ማየት ራሱ ብዙ ነገር ይነግራችኋል፣ አንዱ በመጀመሪያው አስር ደቂቃ ሁለቱንም ጨርሶ ማታውን ሙሉ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ሰዓት ያዥ ላይ ምክር ልስጥ። እኛ ትልቅ ሰው ማቋረጥ አንችልም፣ አስተዳደጋችን ነው፣ የተከበሩ አባት ሰዓት ያዥ አድርገን "እሺ ይጨርሱ ግድ የለም" እያሉ 40 ደቂቃ አስበሉን። ከዛ ወዲህ ፊት ለፊት የ12 ዓመት ልጅ አስቀምጠን ቢጫና ቀይ ወረቀት እናስይዘዋለን። ፖለቲከኛ ሰውን ይጨቃጨቃል፣ ህጻን ላይ ግን ካሜራ እያየ አይቆጣም። ቀይ ሲነሳ ማይኩን የሚዘጋው ሌላ ሰው ይሁን፣ ልጁን አታስቸግሩት።

ትርጉም ላይ ብር ካላችሁ ሄድሴት ተከራዩ፣ አስተርጓሚው ከኋላ ሆኖ አብሮ እየሄደ ይተርጉም፣ ሰዓታችሁን እጥፍ ያተርፋል። ከሌላችሁ አማርኛ የሚፈልጉትን አንድ ጥግ ሰብስባችሁ በሹክሹክታ የሚተረጉም ሰው አስቀምጡ።

ቀኑንም አስቡበት። በፖስታ የሚመርጥ ሰው ባሎቱ ከምርጫው ቀን ሳምንታት ቀድሞ ነው ቤቱ የሚገባው፣ ስለዚህ የመጨረሻው ሳምንት ላይ የምታዘጋጁት ዲቤት ለብዙ ሰው ከረፈደ በኋላ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሰዓት ጥሩ ነው፣ ረመዳን ላይ ከሆነ ደግሞ ከአፍጥር በፊት አልቆ ሰው ቤቱ ይግባ።

እና አዎ፣ ሁሉንም ስትጠሩ እብድ ነገር የሚያወራም ይመጣል። አንድ ጊዜ የቤት ኪራይ ተጠይቆ ሁለቱንም ደቂቃ ስለ ቧንቧ ውሃ ፍሎራይድ ያወራ ሰውዬ ነበረን፣ ኋላ የተቀመጡት እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው "ይሄ ልጅ ጥያቄውን አልሰማም እንዴ?" አሉ፣ አዳራሹ ሳቀ፣ ቀይ ወረቀት ተነሳ፣ ቀጠልን። የከፈልነው ሁለት ደቂቃ ነው። ለፕሬዚዳንት ምርጫ እንደዚህ አይሰራም፣ እዛ በየምርጫው ወረቀት የሚሞላው ሰው በመቶዎች ነው፣ የሆነ ወንፊት ግድ ነው፣ እኔ ግን ፖል ብቻ ባይሆን ደስ ይለኛል፣ ዴሞክራቶቹ በ2019 ፖል ላይ 1 በመቶ ያላመጣ 65,000 ትንንሽ ለጋሽ ካለው ይግባ እንዳሉት አይነት ሁለተኛ በር ቢኖር።

የመጨረሻው ቡና ነው። ቡናውን መጀመሪያ ላይ እንዳታቀርቡ፣ እኛ ሁለት ጊዜ ተሳስተናል፣ ሰው ጠጥቶ ይወጣል፣ ትልልቆቹም እጩዎች ተናግረው ወደሚቀጥለው ፕሮግራም ይሮጣሉ። ፈንዲሻውና ቡናው ልክ ሲያልቅ ይውጣ፣ ጀበናውን በሩ አጠገብ አስቀምጡት፣ ሽታው እግር ይይዛል። ሳያልፉ የሚወጡበት መንገድ የለም፣ አቦሉን ሳይጠጡ ለመሄድ የሚሞክሩትን እናቶቻችን ያውቁበታል።