የመኪናዎ ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል፦ ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት

አዲስ አበባ ላይ የመኪናው ኤሲ ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ጉዱ የሚታወቀው ሞጆን አልፈው ወደ አዋሽ ሲወርዱ ነው። ይጫኑታል፣ የሚመጣው ግን ትኩስ አየር! ጋራዥ ሲሄዱ ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ጋዝ ጨርሷል።»

እኔም ይህን አምኜ በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ አስሞልቻለሁ። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ መስመር ነው የሚዞረው። ቀነሰ ማለት የሆነ ቦታ ሾልኳል ማለት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እነዚህን በራስዎ ይዩ።

መጀመሪያ ንፋሱን። ጨርሶ የማይነፍስ ከሆነ ጣጣው ከጋዝ ጋር አይገናኝም፤ ፊውዙን ይዩ። የሚነፍሰው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠረው የንፋሱን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሬዚስተር ነው። ንፋሱ ከደከመ ወደ ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን ፊልተር ያውጡ። ብዙ መኪኖች ላይ ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ ጀርባ ነው፣ መፍቻም አይፈልግም።

ቀጥሎ ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም ጋዙን የሚገፋው ፓምፕ። ኮፈኑን ይክፈቱና ሞተሩ እየሠራ ሌላ ሰው ኤሲውን ያብራልዎት። እጅዎንና ነጠላዎን ከቺንጋው ያርቁ። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ፣ የኮምፕሬሰሩ ፊትም አብሮ መዞር ይጀምራል። ካልዞረ ፊውዙ ወይም ሪሌው (መብራት የሚያደርስለት ማብሪያ) ሊሆን ይችላል። ጋዙ በጣም ሲያንስም ሴንሰሩ ራሱ አያስነሳውም። (አንዳንድ አዳዲስ ኮምፕሬሰሮች ይህ ድምፅ የላቸውም፤ ዝም ስላለ ብቻ ሞቷል አይበሉ።)

ሲነዱ እየቀዘቀዘ ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ የሚሞቅ ከሆነ ደግሞ የራዲያተሩን ፋን ይጠርጥሩ። ኤሲው ሲበራ መዞር አለበት። ከራዲያተሩ ፊት ያለውን፣ የጋዙን ሙቀት የሚያስወጣውን ኮንደንሰርም ይዩት። ጭቃ ወይም ፌስታል ከለጠፈበት ሙቀቱን ማስወጣት አይችልም። ሞተሩ ሲበርድ በቀስታ ውሃ ይጠቡት። ኃይለኛ ውሃ ስስ ክንፎቹን ያጣምማል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ቱቦዎቹ ይሂዱ። ጋዙ ዘይት ይዞ ስለሚዞር የሚያፈስበት ቦታ ይወዛል፣ አቧራም ይይዛል። የእኔ መኪና ላይ ከአንዱ መጋጠሚያ ስር የሳንቲም ስፋት ያላት ጥቁር ቅባት ነበረች። ጥፋተኛዋ የደረቀች ቀጭን የጎማ ቀለበት። ሁለት ጊዜ የሞላሁት ጋዝ በእሷ ነው የወጣው! ብቻ መጋጠሚያውን ራስዎ እንዳይፈቱት። ጋዙ በግፊት ሲወጣ ዓይንና ቆዳ ያቆስላል።

ጋራዥ ሲገቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ። የሚያፈስበት ቦታ ተገኝቷል? ከመሞላቱ በፊት በመስመሩ ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት ቢያንስ 20 ወይም 30 ደቂቃ በቫኪዩም ፓምፕ ይሳባል? ጋዙስ በሚዛን ነው የሚሞላው? ዓይነቱና ግራሙ ኮፈኑ ስር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ብዙ መኪና የሚወስደው አር-134ኤ ነው፣ አዳዲሶቹ አር-1234ዋይኤፍ። አይደባለቁም። «ትንሽ ጨምርበት» ማለትም አያዋጣም፤ ሲበዛም ማቀዝቀዙ ይቀንሳል።

ከመኪናው ስር ጠብ ጠብ የሚለው ንጹሕ ውሃ አያስደንግጥዎት፣ ጤና ነው። በክረምትም ቢሆን በሳምንት አንዴ ለ10 ደቂቃ ያብሩት። ዘይቱ የጎማ ቀለበቶቹን ያርሳል፣ ኤሲውም የመስታወቱን ጉም ያጠፋልዎታል።