ቃሪያና የፈረንጅ ቃሪያን ከዘር ጀምሮ በአዲስ አበባ ግቢና በረንዳ ማልማት

አዲስ አበባ ላይ ቃሪያ የሚያጥረው ውኃም ማዳበሪያም አይደለም፤ ሙቀት ነው። መሀል ከተማው፣ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። በበርበሬ የታወቁት ማረቆና አላባ ከዚህ ብዙ ዝቅ ይላሉ፤ ሌሊታቸውም ይሞቃል። እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይወርዳል፤ ሞቅ በሚልበት በሚያዝያና በግንቦት እንኳ ከ12 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። የቃሪያ ዘር ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች በሆነ እርጥብ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይበሰብሳል። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን የአበባው ብናኝ ይዳከምና ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል። ታዲያ ልዩነቱን የሚያመጡት ከግድግዳ፣ ከጣራ፣ ከጥቁር ባልዲና ከላስቲክ የሚገኙት ጥቂት ዲግሪዎች ናቸው። ቀጭኑ የሚያቃጥል ቃሪያ ከፈረንጅ ቃሪያ ይልቅ በቀላሉ ፍሬ ስለሚይዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያለማ ሰው ከእሱ ቢነሳ ይሻላል።

መቼ ይዘራ

ዘሩን ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ቤት ውስጥ ያፍሉ፤ ችግኙን የካቲት መጨረሻ ላይ ያዛውሩ። እንዲህ ሲሆን አበባው ሚያዝያ ላይ ይፈነዳል፤ የመጀመሪያው አረንጓዴ ቃሪያም ግንቦት መጨረሻ አካባቢ፣ ከባዱ ዝናብ ሳይገባ ይደርሳል። ክረምት ላይ አፍልቶ መስከረም ላይ ማዛወርም ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ችግኝ አበባ የሚያወጣው በኅዳር ብርድ ስለሆነ ለፈረንጅ ቃሪያ አንመክረውም።

ዘር ከየት

ለሚያቃጥለው ዓይነት ማረቆ ፈና ወይም በመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው መልካ አዋዜ ጥሩ ነው። ዘሩ ከሱቅ ካልተገኘ ከገበያ ዛላ በርበሬ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ያልታመሰና እሳት ያልነካው፣ ጥቁር ነጠብጣብ የሌለበት መሆን አለበት። ውስጡ ያለው ዘር ክሬም መልክ ሊኖረው ይገባል፤ ቡናማውንና የተሸበሸበውን ይጣሉ። ከአረንጓዴ ቃሪያ የወጣ ዘር ገና ስላልበሰለ አብዛኛው አይበቅልም።

የፈረንጅ ቃሪያ ዘር ሲገዙ ጥቅሉ ላይ ያለውን ያንብቡ። ካሊፎርኒያ ዎንደር የተባለው ዝርያ ዘሩ ተይዞ ቢዘራ መልሶ ራሱን ይሰጣል። ዲቃላ የሚል ካለበት ግን የመጀመሪያው ዓመት ምርት ቢያምርም ከእሱ የያዙት ዘር የተለያየ መልክና መጠን ያለው ፍሬ ያወጣል። ከሱፐርማርኬት የተገዛ የፈረንጅ ቃሪያም ብዙውን ጊዜ ዲቃላ ነው።

ከመዝራት በፊት 10 ዘር በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለው፣ በፌስታል ከተው ሞቅ ያለ ቦታ ለ14 ቀን ያቆዩ። 7 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው፤ ከ5 በታች ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ምንጩን ከማያውቁት ዛላ ያወጡትን ዘር 1 እጅ በረኪና በ4 እጅ ውኃ አቅጥነው ለ1 ደቂቃ ብቻ እያማሰሉ ይዘፍዝፉት፤ ወዲያውም በሚፈስ ውኃ በደንብ ያለቅልቁ። ይህ ከዘሩ ላይ ተጣብቆ የሚመጣውን የባክቴሪያ በሽታ ይቀንሳል። ዛላ ሲፈለፍሉ ጓንት ያድርጉ፤ እጅ ታጥቦም ቢሆን ዓይን መንካት ያቃጥላል።

ችግኝ ማፍላት

አፈሩን በአንድ ጣሳ እየለኩ 2 እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ 1 እጅ ቀይ አፈርና 1 እጅ አሸዋ ይቀላቅሉና በወንፊት ይንፉ። ከዚያ የፈላ ውኃ ያፍስሱበት፤ ሸፍነው እስኪቀዘቅዝና ውኃው እስኪንጠፈጠፍ ይተዉት። ይህን እርምጃ የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ችግኙ በአንድ ሌሊት የሚያልቅባቸውም በአብዛኛው እነሱ ናቸው።

በጎኑ የተቆረጠ የሃይላንድ ላስቲክ ወይም ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ሌላ ዕቃ ይበቃል። ታቹን በጋለ ሚስማር 5 ወይም 6 ቦታ ይብሱት። ዘሩን ለብ ባለ ውኃ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ዘፍዝፈው፣ በ3 ሴንቲ ሜትር ርቀት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስገቡ። ስስ አፈር አልብሰው ለብ ባለ ውኃ ይርጩ፤ በፌስታል ሸፍነው ፍሪጅ አናት ላይ ያስቀምጡት። ፍሪጁ ከበላዩ የሚሰጠው ሙቀት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ምድጃ ላይ ወይም እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ አጠገብ ግን አይሁን፤ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ዘሩ ይበላሻል። አፈሩ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ከሆነ ከ8 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይበቅላል። መስኮት ሥር በ18 ዲግሪ ያለው 3 ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በ10ኛው ቀን አልበቀለም ብለው አይቆፍሩት።

የመጀመሪያዎቹ ችግኞች ብቅ ሲሉ ፌስታሉን አውልቀው በዚያው ቀን ብርሃን ወዳለበት ያውጡት። አንድ ቀን ጨለማ ውስጥ ቢያድር እንኳ ግንዱ ይረዝምና ይቀጥናል፤ ያንን በኋላ ማረም አይቻልም። መስኮት ላይ ከሆነ ዕቃውን በየቀኑ ያዙሩት።

በዚህ ጊዜ የሚደርሰው ትልቁ ጉዳት የግንድ መበስበስ ነው። ጤነኛ የሚመስለው ችግኝ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይቀጥንና ይጋደማል። መንስኤው በቀዝቃዛና በረጠበ አፈር ውስጥ የሚራባ ፈንገስ ነው። ከሮቶ በቀጥታ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ በማታ ማጠጣት ደግሞ ለፈንገሱ ምቹ ሁኔታ ይፈጥራል። ውኃውን ቤት ውስጥ አሳድረው ጠዋት ብቻ፣ ከታች በኩል በሳህን ላይ አፍስሰው ያጠጡ። አንዱ ከወደቀ ዙሪያውን ያለውን አፈር አብረው ያውጡ፤ የቀሩትን ለ2 ቀን ሳያጠጡ አየር ያስነኳቸው።

ከሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች በኋላ 2 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ እያንዳንዱን ለብቻው ወደ እርጎ ኩባያ ያዛውሩ። ሲይዙት በቅጠሉ እንጂ በግንዱ አይሁን፤ የተቀጠቀጠ ግንድ አያገግምም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ችግኝ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ የትምባሆ ቫይረስ ቃሪያንም ይይዛል።

ቦታው

ከዚህ ሁሉ በላይ ውጤቱን የሚወስነው የሚተከልበት ቦታ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ወደ ምዕራብ የዞረ የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ካለ ከእሱ ሥር ይትከሉ። ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያስፈልጋል። በረንዳ ላይ የሚተክሉ ደግሞ ዕቃውን በቀጥታ ሲሚንቶው ላይ ሳይሆን ጣውላ ላይ ያስቀምጡ፤ ሲሚንቶ በሌሊት ሥሩን ያቀዘቅዛል።

ለሚያቃጥል ቃሪያ 10 ሊትር፣ ለፈረንጅ ቃሪያ ከ15 እስከ 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይበቃል፤ አንገቱ የተቆረጠ ጀሪካን ወይም የቀለም ባልዲ ይሆናል። ጥቁሩ ከነጩ ይሻላል፤ ሌላ አገር ጥቁር ዕቃ ሥሩን ያቃጥላል ተብሎ ይከለከላል፣ እዚህ ግን ጥቅም ነው። ከታች ቢያንስ 6 ቀዳዳ ይኑረው። 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ብስባሽና ግማሽ እጅ አሸዋ ይሞሉበታል። የእንጨት አመድ ለ20 ሊትር አፈር ከአንድ እፍኝ አይብለጥ።

መሬት ላይ ከሆነ ለአንድ ካሬ ሜትር 3 ኪሎ ያህል በደንብ የበሰለ እበት ወይም የበግ ፍግ ይቀላቅሉ። ያልበሰለ የዶሮ ኩስ ሥሩን ያቃጥላል። አፈርዎ ዋልካ ከሆነ መደቡን 25 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ሐምሌ ላይ ሥሩ ውኃ ውስጥ ያድራል። ባለፉት 3 ዓመታት ቲማቲም፣ ድንች ወይም ደበርጃን በነበረበት መሬት አይትከሉ፤ በሽታቸው አንድ ነው።

ማዛወር

ችግኙ 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስና ከ6 እስከ 8 ቅጠል ሲይዝ ለአንድ ሳምንት ያላምዱት፤ መጀመሪያ ለ1 ሰዓት ያህል ጥላ ሥር፣ ከዚያ እየጨመሩ ፀሐይ ላይ። ሳይላመድ የወጣ ችግኝ ቅጠሉ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። በዳመና ቀን ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይትከሉት፤ በኩባያው ውስጥ ከነበረው ጥልቀት ብዙም አያስገቡት። የሚያቃጥለው በ30፣ የፈረንጁ በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ይሁን፤ በመስመሮች መካከል 70 ሴንቲ ሜትር ይተዉ።

ለመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ታቹ የተቆረጠ የ2 ሊትር ሃይላንድ ማታ ማታ ይድፉበት። ብርዱን ይከላከላል፤ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ አፈር ከገባም ሌሊት ወጥቶ ግንዱን ከሥር የሚበጥሰውን ቆራጭ ትል ያስቀራል። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ማንሳት አይዘንጉ። የጤፍ ጭድ ጉዝጓዝ ጥሩ ቢሆንም የሚደረገው ሚያዝያ ላይ አፈሩ ከሞቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከለበሰ ቅዝቃዜውን ይዞ ያቆያል።

ውኃ፣ ምግብና አበባ

በበጋ 15 ሊትር ለሚይዝ ባልዲ በየ2 ቀኑ ከ1 እስከ 1.5 ሊትር ያጠጡ። ጣት 3 ሴንቲ ሜትር ገብቶ እርጥበት ከተሰማው ይተዉት። ቀትር ላይ ቅጠሉ ጠውልጎ ማታ የሚነሳ ከሆነ ችግር የለም። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ጠዋትም ከጠወለገ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነው፤ ውኃ መጨመር ሞቱን ያፋጥናል።

የፍሬው ጫፍ ጠቁሮ ሰርጎ ሲገባ ብዙ ሰው የእንቁላል ቅርፊት ይጨምራል። ቅርፊቱ ለመበስበስ ወራት ስለሚፈጅ ለያዘው ፍሬ አይደርስም። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው አፈሩ ደርቆ ደርቆ በአንዴ መጠጣቱ ነው፤ ውኃ ሲቆራረጥ ካልሲየም ወደ ፍሬው አይደርስም። የውኃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር ለዚህ ብቻ አንድ ጀሪካን ተጠባባቂ መያዝ ተገቢ ነው።

አበባ ሲጀምር በእያንዳንዱ ተክል ሥር 2 እፍኝ ብስባሽ ይጨምሩ፤ በየወሩም ይድገሙ። ዩሪያ አይጨምሩ፤ ቅጠሉ ጠቁሮ ያምርና ፍሬ ይጠፋል። የፈረንጅ ቃሪያ የመጀመሪያውን አበባ ይቅጠፉት፤ ተክሉ ሳይጠነክር አንድ ፍሬ ከተሸከመ ማደጉን ያቆማል። ጣራ ሥር ነፋስ ስለማይነካው በ4 ሰዓት ገደማ ግንዱን በቀስታ መታ መታ ያድርጉ፤ ብናኙ ይራገፋል። አበባው ከነአንገቱ ቢጫ ሆኖ ከረገፈ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሌሊቱ ብርድ ነው።

ተባይና ክረምት

ከቅጠሉ ሥር የሚሰፍረው ክሽክሽ ቀድሞ የሚመጣው ነው። 1 ሊትር ውኃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው ማታ ከቅጠሉ ሥር ይርጩ፤ በ5 ቀን ይድገሙ። ከተባዩ ይልቅ የሚከፋው የሚያስተላልፈው ቫይረስ ነው። ቅጠሉ ተጨማዶ ቢጫና አረንጓዴ ሲዥጎረጎር መድኃኒት የለውም፤ ነቅለው ከግቢ ያውጡት። ፍሬው ላይ ክብ ቀዳዳ ካዩ ጓይ ትል ገብቷል፤ ፍሬውን ከነትሉ ያስወግዱ።

ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ባልዲዎቹን ከጣራ ሥር ያስገቡ። መሬት ላይ ላለው 4 እንጨት ተክለው ከላይ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ይወጥሩ፤ ጎኑ ክፍት ይሁን። ላስቲኩ በረዶ ያስቀራል፤ ቅጠሉም ደረቅ ሆኖ ያድራል። ጎኑም ከተዘጋ እርጥበቱ ታፍኖ ያበሰብሰዋል። የታችኞቹን ቅጠሎች እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይቁረጡ፤ ከአፈር የሚረጨው ጭቃ በሽታ ይዞ ይወጣል።

መልቀም

አረንጓዴው ፍሬ ጠንክሮ ሲያበራ በመቀስ ይቁረጡ፤ ሲጎትቱ ቅርንጫፉ ይገነጠላል። በየሳምንቱ የሚለቀም ተክል ማበቡን አያቆምም። ቀይ እስኪሆን ከተተወ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይጨምራል። ለበርበሬ የሚሆነውን የክረምት ፍሬ ለማድረቅ አይሞክሩ፤ ሳይደርቅ ይሻግታል፣ የሻገተውም ለጤና ጎጂ ስለሆነ ታጥቦም አይበላም። ጥቅምት ላይ የቀላውን ሰሌን ላይ ዘርግተው ማታ ማታ እያስገቡ ያድርቁ።

ዘር የሚይዙ ከሆነ ይህን ይወቁ። የሚያቃጥለውና የፈረንጁ ጎን ለጎን ቢተከሉ የዘንድሮው ፍሬ ጣዕም አይለወጥም፤ የሚለወጠው ከእሱ ዘር የሚወጣው የከርሞው ነው። ስለዚህ አበባው ሳይፈነዳ አንድ ቅርንጫፍ በስስ ሻሽ ጠቅልለው ንብ ይከልክሉ፤ ፍሬ ሲይዝ ሻሹን ፈትተው ክር ያስሩበት። ሙሉ በሙሉ ከቀላ በኋላ ዘሩን አውጥተው ጥላ ውስጥ 2 ሳምንት ያድርቁ፤ ሲያጥፉት ሳይለመጥ ከተሰበረ ደርቋል። በወረቀት ፖስታ ዝርያውንና ዓመቱን ጽፈው ያስቀምጡት፤ ከ3 ዓመት በላይ ግን አይተማመኑበት።

ተክሉ ራሱ ካላረጀ አይንቀሉት። ጥቅምት ላይ ተለቅሞ ያለቀውን ጤነኛ ተክል ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው፣ ውኃ ቀንሰው፣ እስከ የካቲት በረንዳ ላይ ጣራ ሥር ያቆዩት። ሚጥሚጣ በዚህ መንገድ 2 እና 3 ዓመት ይሰጣል፤ በሁለተኛው ዓመት አበባውም ከአዲስ ችግኝ ቀድሞ ይፈነዳል።