የብሩ ፊት የማን ይሁን? ክርክሩን ሳይጣሉ የመምሪያ መላ

ድሬዳዋ ወይም ሐረር ላይ ሃያ ሰው ሰብስባችሁ «በብር ኖት ላይ የማን ምስል ይውጣ?» ብላችሁ ብትጠይቁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አሥር ስም ይጠራል። ከዚያ በኋላ ስለ ገንዘብ የሚያወራ ሰው አታገኙም። አንዱ ስለ አያቱ፣ ሌላው ስለ ጦርነት፣ ሦስተኛው ስለ ሰፈሩ ይናገራል። ጥፋቱ የሰዎቹ አይደለም፤ ስም የቀደመው በአዘጋጁ ጥፋት ነው። ስም አንዴ ከተጠራ እያንዳንዱ ሰው መስፈርቱን በራሱ ዕጩ ልክ ይሰፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ «ፊት ያስፈልጋል ወይ?»፣ ቀጥሎ «በምን መስፈርት?»፣ ስም በመጨረሻ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ለመጠበቅ የሚረዳ ነው።

ዝግጅት

ተሳታፊው 24 ሰው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሦስት ቡድን፣ በየቡድኑ ስምንት። ከሠላሳ ካለፈ ዝም ብሎ የሚመለስ ሰው ይበዛል፤ ዝም ያለውም ውጤቱን የኔ አይለውም። ድሬ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ተኩል አድርጉት። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ አለ፣ በርጫውም አለ፤ የሚመጣው ሰውም ለመሄድ ይቸኩላል። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ።

የሚያስፈልጉት፦ ሁለት አወያዮች (አንድ ብቻ ከሆነ ወገንተኛ መባሉ አይቀርም)፣ አንድ ሰዓት ያዥ፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ፣ ሰባት ሲኒ፣ 72 ፍሬ ጥሬ ቡና፣ 24 ፍሬ በቆሎ፣ አንድ ባዶ ጣሳ፣ መጋረጃ፣ ነጭ ወረቀትና እርሳስ። ሰው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛም ሆነ በሐረሪ እንዲናገር ፍቀዱለት፤ አስተርጓሚ ግን አስቀድማችሁ መድቡ፤ የትርጉሙም ጊዜ ከተናጋሪው ደቂቃ ላይ አይቆረጥ። ይህ ከተዘነጋ አማርኛ የሚቀናው ብቻ ያሸንፋል።

የብር ኖት በቀለም ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ለማሳያ አታቅርቡ፤ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። ንድፍ ካስፈለገ በእርሳስ፣ በወረቀቱ በአንድ በኩል ብቻ፣ ከእውነተኛው ሦስት እጥፍ አሳድጋችሁ ሳሉና ከላይ «ናሙና» ብላችሁ ጻፉበት።

አንድ ገጽ መነሻ

ከክርክሩ ሦስት ቀን በፊት ለሁሉም ሰው አንድ ገጽ ወረቀት ይድረስ። የሚከተሉት ነገሮች ቢገቡበት ይበቃል።

ሐረር ሁለቱንም ዓይነት ገንዘብ ታውቃለች። አሚሮቿ ያስመቱት መሐለቅ ጽሑፍ እንጂ ፊት አልነበረበትም። በዚያው ገበያ ደግሞ የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ይዘዋወር ነበር። ይህች የኦስትሪያ ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1780 ሞታለች፤ ብሩ ግን ያንኑ 1780 ቁጥር እንደያዘ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ተመታ። ነጋዴው ማን እንደሆነች አያውቅም፤ ፊቷን ግን አጥርቶ ያውቃል፤ የትከሻዋን ጌጥ ፈርጦች ቆጥሮ ነው ብሩን የሚቀበለው። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር ሲያስመቱ እንኳ ሰው ከለመደው ፊት በቶሎ አልተላቀቀም። ይህ ለክርክሩ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ፊት በገንዘብ ላይ የሚወጣው ለክብር ብቻ ሳይሆን ሐሰተኛውን ለመለየትም ነውና። የሰው ዓይን በቅጠል ወይም በሕንፃ ሥዕል ላይ ያለ ትንሽ ስህተት ያልፈዋል፤ በሰው ፊት ላይ ያለውን ግን ቶሎ ያየዋል።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 የወጣው የወረቀት ገንዘብ የአፄ ኃይለ ሥላሴን ምስል ይዞ ነበር። ቀኑ ከሐረር ብዙም በማትርቀው ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱበት ዕለት ነው። ደርግ በጥቅምት 1969 ኖቱን ሲለውጥ የንጉሡን ፊት አንስቶ ስም የሌላቸውን ሰዎች አስገባ፦ በ1 ብር ላይ ልጅ፣ በ5 ብር ላይ ቡና ለቃሚ፣ በ10 ብር ላይ ስፌት የምትሰፋ ሴት። መስከረም 4 ቀን 2013 ይፋ የሆኑት የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶችም የመሪ ምስል የለባቸውም። ያኔ ለኅትመቱ 3.7 ቢሊዮን ብር መውጣቱ ተነግሯል። ፊት ለመቀየር ብቻ ብሎ ገንዘብ ማሳተም ምን ያህል እንደሚያስወጣ ተከራካሪዎች በዚህ ይገምቱ።

አንደኛው ዙር፦ ፊት ያስፈልጋል? (30 ደቂቃ)

ለሦስቱ ቡድኖች ሦስት አቋም በዕጣ አድሉ፦ ስሙ የታወቀ ሰው ይውጣ፤ ስም የሌለው ሠራተኛ ይውጣ፤ ሰው ጭራሽ አይውጣ። በዕጣ መሆኑ ግዴታ ነው። ሰው የማያምንበትን አቋም ሲይዝ የሌላውን ምክንያት ይፈልጋል እንጂ አይሰድብም። ከየቡድኑ ሁለት ሰው ለሦስት ሦስት ደቂቃ ይናገር፤ 18 ደቂቃ ነው። የቀረው 12 ደቂቃ ለቤቱ ይሁን፣ ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ።

«ሰው አይውጣ» የሚለው ቡድን ኬንያን ማንሳቱ አይቀርም። የ2010 (እ.ኤ.አ.) ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 231 በገንዘብ ላይ የማንም ግለሰብ ምስል እንዳይወጣ ይከለክላል። ግን ታሪኩ እዚያ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ኖት ላይ የናይሮቢው የስብሰባ ማዕከል ሲታይ ከፊቱ የቆመው የመጀመሪያው ፕሬዚዳንታቸው የጆሞ ኬንያታ ሐውልትም አብሮ ወጣ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ክልከላ ክርክሩን አልዘጋውም፤ ከሰው ወደ ሐውልት አዞረው። ዩሮን ያሳተሙት አገሮች በበኩላቸው መስኮትና ድልድይ አወጡ፤ ድልድዮቹም የማንም አገር እንዳይሆኑ ተብለው በሐሳብ የተነደፉ ነበሩ።

ስም የሌለውም ሰው ቢሆን ሙሉ በሙሉ ገለልተኛ አይደለም። ስፌት የምትሰፋዋን ሴት ሐረር ላይ ብታነሱ የስፌቱ ጥለት፣ የፀጉሯ አሠራር፣ ልብሷ ሁሉ «የማን ናት?» ያስብላል። ግድግዳው በስፌት በሚያጌጥበት የሐረሪ ቤት ያደገ ሰው ስፌትን እንደ ተራ ዕቃ አያየውም። አወያዩ ይህ ሲነሳ አያፍነው፤ ለሁለተኛው ዙር መስፈርት መነሻ ይሆናል።

እዚህ ድምፅ አታሰጡ። አሁን ድምፅ ከተሰጠ የተሸነፈው ቡድን ለቀሪው ሰዓት ልቡ ይወጣል።

ሁለተኛው ዙር፦ መስፈርት (35 ደቂቃ)

የክርክሩ ልብ ይህ ነው፤ ደቂቃ ብትቆጥቡ ከዚህ አትቆጥቡ። የካናዳ ባንክ ለ10 ዶላሩ ጥቆማ ሲጠይቅ ከ26,000 በላይ መጣለት፤ በመስፈርት ሲያጣራው 461 ስም ቀረ፣ ከዚያ 12፣ ከዚያ 5፣ በመጨረሻ የዘር መድልዎን የተቃወመችው ቫዮላ ዴዝመንድ። የእንግሊዝ ባንክም ለ50 ፓውንዱ አስቀድሞ መስኩን «ሳይንስ» ብሎ ወሰነ፤ 227,299 ጥቆማ ቢጎርፍም 989 ሰው ብቻ መስፈርቱን አለፈ፤ የሒሳብና የኮምፒውተር ሊቁ አለን ቱሪንግ ተመረጠ። መስኩ ቀድሞ ባይወሰን ኖሮ ሳይንቲስትን ከጦር መሪ፣ ዘፋኝን ከሐኪም ሲያወዳድሩ በከረሙ ነበር።

ሁለት መስፈርቶች «ያልፋል ወይም ይወድቃል» ብቻ ናቸው፤ ነጥብ አይሰጥባቸውም።

አንደኛው፣ ሰውየው ከሞተ ቢያንስ 15 ዓመት ያለፈው ይሁን። አሜሪካኖች በሕይወት ያለ ሰው በገንዘባቸው እንዳይወጣ በሕግ የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ1866 ነው፤ ስፔንሰር ክላርክ የተባለ የግምጃ ቤት ኃላፊ የራሱን ምስል በ5 ሳንቲም ኖት ላይ በማውጣቱ። በዚህ መስፈርት ደራርቱም ኃይሌም ለጊዜው ይወድቃሉ፤ በ1966 ያረፈው አበበ ቢቂላ ግን ያልፋል። ሰው ቅር ይለዋል፤ ግን ያለቀለት ሕይወት ብቻ ነው የሚመዘነው።

ሁለተኛው፣ እውነተኛ ምስል ይኑር፤ ፎቶ ወይም በዘመኑ የተሳለ። ሐረር ላይ ከሁሉ በፊት የሚነሳው ይህ ነው። የጁገልን ግንብ በማሠራት ስማቸው የሚነሳው አሚር ኑር የ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው፤ ፎቶ የላቸውም። ዛሬ የሚሳለው ፊት የሠዓሊው ሐሳብ ነው የሚሆነው፤ ጺሙ፣ ጥምጣሙ፣ የቆዳው ቀለም እያንዳንዱ አዲስ ጠብ ያመጣል። ሰውየው በሃይማኖት የሚከበር ከሆነ ደግሞ ምስል ማውጣቱ ራሱ አዋቂዎቹን መጠየቅ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ዕጩ ሲመጣ «ወድቋል» ብላችሁ አትዝጉበት። ሥራውን በሰውየው ቦታ አቅርቡት፤ ለአሚር ኑር ግንቡን፣ በሩን።

ከዚህ በኋላ ከ0 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥባቸው ሁለት አሉ። ሥራው በዓመት ተጠቅሶ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገራል ወይ? «ለአገር የደከመ» በቂ አይደለም፤ «በ1952 ሮም ላይ ማራቶን በባዶ እግሩ አሸነፈ» በቂ ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው ጋምቤላም ሰመራም ያለ ሰው ዘንድ ደርሷል ወይ?

የቀረው የቁስል መስፈርት ነው፤ ዕጩው የማንን ቁስል ይነካል የሚለው፤ ይህ በነጥብ አይለካም። ምኒልክን ውሰዱ። በ1888 የዓድዋ ድል የሳቸው ነው፤ በ1879 ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂን ጦር ድል አድርገው ሐረርን የያዙትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ጠርቶ ሌላውን መደበቅ ክርክሩን ያበላሻል። ስለዚህ ሕጉ ይህ ይሁን፦ የሚደግፍ ሰው ከመናገሩ በፊት የተቃዋሚውን ቅሬታ ራሱ ይንገር፣ ተቃዋሚውም «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ይበል። ተቃዋሚውም እንደዚሁ። ድሬ ላይ ከኋላ «አቦ ተወው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ አወያዩ ሰውየውን በስሙ ጠርቶ ይህንኑ እንዲያደርግ ይጠይቀው። ስለ ሥራና ስለ ዓመት ይነገር፤ ስለ ዕጩው ብሔር አይነገር።

መስፈርቱ ሲያልቅ ማንንም በማይነካ ሰው ሞክሩት። ቫዮላ ዴዝመንድ ትመቻለች፦ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲኒማ ቤት ውስጥ ለነጮች ከተለየው ቦታ አልነሳም ብላ ታሰረች፣ በ1965 ሞተች፣ ፎቶዋ አለ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። መስፈርቱ ሊያስረዳ የማይችለው ነገር ካለ አሁኑኑ አርሙት፤ ስም ከተጠራ በኋላ መስፈርት መንካት ክልክል ነው። ከዚያ 15 ደቂቃ ሻይ።

ሦስተኛው ዙር፦ ስም (40 ደቂቃ)

እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ስም ብቻ ያቅርብ፤ በጠቅላላ ስድስት። ከሁለቱ ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2013 የእስር ቤት ለውጥ አራማጇን ኤልሳቤጥ ፍራይን በቸርችል እተካለሁ ስትል ከንግሥቲቱ ሌላ ሴት ሊጠፋ ሆነ፤ ተቃውሞው ደራሲዋን ጄን ኦስተንን በ10 ፓውንዱ ላይ አመጣ፣ የአመራረጡንም ሥርዓት አስለወጠ። ለያንዳንዱ ስም ሁለት ደቂቃ ድጋፍ፣ ሁለት ደቂቃ ተቃውሞ፤ የቀረው 16 ደቂቃ ለጥያቄ።

እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። «ከየብሔሩ አንድ» የሚል ሐሳብ ከመጣ የኖቱን ብዛት አስቆጥሩ፤ ከሰማንያ በላይ ብሔረሰቦች በአራት ኖት አይገቡም። ሌላው «የኛ ሰው በ200፣ የነሱ በ10» የሚለው የደረጃ ጠብ ነው። የ10 ብር ኖት በየታክሲው፣ በየሱቁ፣ በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ከእጅ እጅ ሲዞር ይውላል፤ ብዙ ሰው የሚያየው እሱን ነው፣ ቶሎ የሚቆሽሸውና የሚታጠፈውም እሱ ነው። 200ውን ሰው በጥንቃቄ ይይዘዋል፤ ግን ያን ያህል አይታይም። የትኛው ክብር እንደሆነ አከራክሩበት፤ ወይም እንደ ደቡብ አፍሪካ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሁሉም ኖት ላይ ማንዴላን እንዳደረጉት አንድ ፊት ለሁሉም በሉ። ንድፍ የሚስል ካለ ፊቱን መሃል ላይ አያድርገው፤ ሰው ብርን ለሁለት ሲያጥፍ መስመሩ ፊቱ ላይ ያርፋል።

ድምፅ (15 ደቂቃ)

ከመጋረጃው ጀርባ ስድስት ሲኒ ለስድስቱ ስም፣ ሰባተኛ ሲኒ «ስም ያለው ፊት አይውጣ» ለሚሉ። ለያንዳንዱ ሰው ሦስት ፍሬ ቡናና አንድ ፍሬ በቆሎ ስጡ። ቡናውን በፈለገው ሲኒ ያከፋፍለው፤ ሁሉንም ግን ይጣል። በቆሎው «ይህን ፊት ኪሴ ይዤ መዞር አልችልም» ማለት ነው፤ በዚያ ሰው ሲኒ ይጣላል። የማይጠቀምበት በጣሳው ይመልሰው። ሲቆጠር ቡናው 72፣ በቆሎው ከጣሳው ጋር 24 ካልሆነ ድምፁ ይደገም፤ ሰበብ አትቀበሉ።

ከተሳታፊው ሩብ በላይ፣ ማለትም ሰባትና ከዚያ በላይ በቆሎ የወደቀበት ስም ቡናው የቱንም ያህል ቢበዛ ከውድድሩ ይሰረዛል። ይህን ሕግ ከድምፁ በፊት እንጂ ከቆጠራው በኋላ አትናገሩ።

ገንዘብ የማሳተም ሥልጣን የብሔራዊ ባንክ ስለሆነ ውጤቱ ሐሳብ ነው፤ መላክ ከፈለጋችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ከላይ መስፈርቶቹን፣ ቀጥሎ የቡናና የበቆሎውን ቁጥር፣ ከዚያ የተመረጠውን ስም ጻፉ። በበቆሎ የወደቁትንም ከነቅሬታው አስገቡ፣ ቅሬታውንም ያነበበ ሰው «የኔ ነው» እንዲለው ባለቤቱ በተናገረበት ቃል ጻፉት። ቃለ ጉባኤውን ሁለቱም አወያዮች ይፈርሙበት፣ ከሦስቱ ቡድኖችም አንድ አንድ ሰው ቅጂ ይውሰድ።