የቲክቶክ ላይቭ ክፍልን ከፕሮፋይሉ አይቶ ስለ መምረጥ

በቲክቶክ የላይቭ ዝርዝር ላይ ዓይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በተመልካቹ ቁጥር ላይ ነው፤ ይሁንና ቁጥሩ የሚናገረው በዚያ ደቂቃ ስንት ሰው እንደገባ እንጂ የውይይቱን ጥቅም አይደለም። ስለዚህ «ኑ እንጫወት» ከሚለው ይልቅ «የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ጥያቄዎች» ብሎ ጉዳዩን በግልጽ ያስቀመጠውን ክፍል ያስቀድሙ።

ከዚያም የአዘጋጁን ስም ተጭነው ፕሮፋይሉን ይክፈቱና ቀደም ሲል የለጠፋቸው ቪዲዮዎች ከርዕሱ ጋር መዛመዳቸውን፣ ለጠያቂዎችም መልስ መስጠቱን ይመልከቱ። በተለይ ለታመመ ሰው ገንዘብ እናሰባስባለን የሚል ክፍል ሲያጋጥምዎ፣ ገጹ ቪዲዮ የሌለውና አዲስ ከሆነ፣ የተለጠፈው ፎቶ ምንም ያህል አንጀት ቢበላ፣ እባክዎ ጊፍት (በላይቭ ላይ ለአዘጋጁ የሚላክ ምናባዊ ስጦታ) ከመላክ ይቆጠቡ። ጊፍት የሚላከው በእውነተኛ ገንዘብ በተገዛ ኮይን ነው፤ ከዋጋውም ከፊሉን ቲክቶክ ስለሚወስድ፣ አሰባሳቢው ታማኝ ቢሆን እንኳ ሙሉው ለታማሚው አይደርስም።

ከገቡም በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጡ። አወያዩ ተሳዳቢን የሚያስወጣ ከሆነ ይቆዩ፤ ስድቡን እያየ ጊፍት ለላከ ብቻ ምስጋና የሚያዘንብ ከሆነ ግን ይውጡ። ስልክ ቁጥርዎን ወይም የባንክ ሒሳብዎን በኮሜንት እንዲጽፉ የሚጠይቅ ካለ ሪፖርት ያድርጉት።