ሆዱ ቶሎ ለሚረበሽ ውሻ፦ መረቁን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት

ውሻችሁ የወጥ ትራፊ በበላ ማግስት የሚያስቀምጠው ከሆነ ይሄን ሞክሩለት። ቆዳው የተገፈፈ የዶሮ ደረት በውሃ ብቻ ቀቅሉ፣ ጨው የለ ዘይት የለ፣ ከዛ መረቁን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ስትከፍቱት ላዩ ላይ ነጭ ሆኖ የረጋ ስብ ታገኛላችሁ፣ እሱን በማንኪያ ገፋችሁ ጣሉትና በቀረው መረቅ ሩዝ እስኪልፈሰፈስ ድረስ ቀቅሉበት። ሁለት እጅ ሩዝ አንድ እጅ ዶሮ፣ በቀን 3 ወይ 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ ስጡት። አጥንቱን ግን በጭራሽ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል።

የሚሰራበት ምክንያት ስብ ለተረበሸ ሆድ በጣም ስለሚከብድ ነው፣ ሲበዛ ቆሽቱንም ሊያስቆጣው ይችላል። ወጥ ደሞ ቅባቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፣ ቀይ የደም ሴሉን ነው የሚጎዱት፣ ቢበስልም ያው ነው፣ ስለዚህ እንጀራውን አጥቤ ልስጠው እንዳትሉ እባካችሁ።

ሰገራው ጠጠር ሲል ወደ ድሮ ምግቡ በአንዴ አትመልሱት፣ መጀመሪያ ሩቡን ከዛ ግማሹን እያላችሁ በ7 ቀን አካባቢ ቀይሩለት፣ አንጀቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ሩዝና ዶሮ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው ለወራት የሚቀጥል ምግብ አይደለም። ቡችላ ከሆነ፣ ደም ካለው ወይ ውሃም የሚያስመልሰው ከሆነ ደግሞ ይሄን ትታችሁ በዛው ቀን ሐኪም ጋር ውሰዱት።