በሂንዱ ቅዱስ ተራራ ሥር እንግዳ ሰው የሚሠራቸው ስህተቶች

ለትምህርት ወይም ለሕክምና ሕንድ የሄደ ሐበሻ ታጅ ማሃልን ሳያይ መመለስ አይወድም። ከዴልሂ ወደ አግራ ሲወርድ ማቱራ ከተማ መንገድ ላይ ነች። ሂንዱዎች ቅዱስ የሚሉት ጎቫርድሃን ኮረብታም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ጎራ ብላችሁ እዩት፤ ግን ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን ነገሮች እወቁ።

በመጀመሪያ ድንጋይ አታንሱ። ለማስታወሻ ብሎ ጠጠር ኪስ ውስጥ መክተት ለእኛ ቀላል ነገር ነው። ክሪሽና ለሚባለው የሂንዱ አምላክ አማኞች ግን ኮረብታው ራሱ ክሪሽና ነው። የዝናብ ጌታ ኢንድራ ተቆጥቶ አገሩን በጎርፍ ሊያጠፋ ሲነሳ፣ ገና ልጅ የነበረው ክሪሽና ኮረብታውን በትንሿ ጣቱ አንስቶ ሰውንም ከብቱንም ሰባት ቀን አስጠለለ ይላሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ድንጋዩ ከአካባቢው እንዲወጣ ጨርሶ አይፈልጉም። ይህ ስህተት ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነኝ፣ ቦታውን የወደደ ሰው ስለሚሠራው ነው።

"ተራራ የተባለው ይሄ ነው እንዴ?" አትበሉ። ጎቫርድሃን ዝቅ ያለ ነው። ለዝቅታውም ትውፊት አላቸው፦ ፑላስትያ የሚባል ጠቢብ ስለረገመው በየቀኑ የሰናፍጭ ቅንጣት ያህል ይቀንሳል። ለመውጣት አይከብድም ብላችሁ ግን አናቱ ላይ ፎቶ እንዳትነሱ። አጥባቂው አማኝ አይረግጠውም፤ 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዙሪያውን ይዞረዋል። ብዙው ሰው በባዶ እግሩ ነው የሚሄደው፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ስንገባ ጫማ እንደምናወልቀው ማለት ነው። አንዳንዶች ደግሞ መሬት ላይ በደረታቸው እየተዘረጉ፣ እየተነሱ፣ እንደገና እየተዘረጉ ዙሩን ይጨርሱታል። መንገድ ላይ ስታገኟቸው አትሻገሯቸው። ዞር ብላችሁ እለፉ።

አዟዟሩም ደንብ አለው፤ ኮረብታው በቀኝ እጅ በኩል ይሆናል። ቲቤት ያለው ካይላሽ ተራራ፣ 6,638 ሜትር ከፍታ ያለው ሺቫ የሚባለው የሂንዱ አምላክ መኖሪያም፣ በሂንዱዎችና በቡድሂስቶች ዘንድ እንዲሁ ነው የሚዞረው። ቦን የሚባለው የቲቤት እምነት ተከታዮች ግን በተቃራኒው ይዞራሉ። ተሳሳቱ ብላችሁ አታርሟቸው።

ሌላው በሰው ቤት የሚያጋጥም ነው። ቪሽኑ የሚባለው የሂንዱ አምላክ አማኞች ሻሊግራም የሚባል ጥቁር ድንጋይ በቤታቸው ያስቀምጣሉ፤ የሚገኘው ከኔፓሉ ካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ነው። "ይሄ እኮ ቅሪተ አካል ነው" ብላችሁ ክርክር አትክፈቱ። ነገሩ እውነት ነው። በድንጋዩ ውስጥ የሚታየው ጥምዝምዝ አሞናይት የሚባል፣ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የጠፋ የባሕር እንስሳ ነው፤ ያ የሂማላያ ምድር በአንድ ወቅት የባሕር ወለል ነበር። ለእነሱ ግን ጥምዝምዙ ቪሽኑ በእጁ የሚይዘው ክብ መሣሪያ ምልክት ነው። ሰው የቀረጸው ምስል አምላክ እንዲያድርበት ሥርዓት ይፈጸምለታል። ለሻሊግራም ይህ አያስፈልግም፤ ቪሽኑ ከመጀመሪያውም አለበት ይላሉ። ያጥቡታል፤ የበሶብላ ዘመድ የሆነውን የቱልሲ ቅጠልም ያኖሩለታል።

ሳይፈቀድላችሁ አትንኩት። ዋጋውንም አትጠይቁ፤ ገበያ ላይ ባይጠፋም መሸጡ መለወጡ በትውፊቱ ነውር ነው። ይልቅ ከማን እንደወረሱት ጠይቁ።