የአያትን ዱካ ከውጭ ሆኖ መፈለግ፦ መጀመሪያ መቃብሩ፣ ቀጥሎ ጋዜጣው

አክስቴ ጋ ደወልኩና «አያቴ መቼ ነው የሞቱት?» አልኳት። «የሰኔ ሚካኤል ማግስት ነዋ። ዘመኑ ሉቃስ ነበር» አለችኝ። ዓመተ ምሕረቱንስ? «እሱን እኔ ምኑን አውቄው!» ብላ ወሬውን ወደ ልጆቼ ወሰደችው። ያኔ ምንም ያልነገረችኝ መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁ። ለካ ሁሉን ነግራኝ ነበር።

ሚካኤል ወር በገባ በ12 ነው፤ ስለዚህ ማግስቱ ሰኔ 13። ወንጌላዊው ደግሞ በስሌት ይገኛል። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉት። 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። 1943፣ 1947፣ 1951፣ 1955 ሁሉም ሉቃስ ናቸው። አክስቴ አባቷ የሞቱት ከታኅሣሥ ግርግር በፊት እንደሆነ ትምላለች። ግርግሩ በ1953 ነው፤ 1955 ወጣ። ትንሹ ወንድሟ ደግሞ ያኔ ገና ጡት አልጣለም ነበር፤ እሱ የተወለደው በ1950 ነው። ቀረ 1951። አንድ ቀን፣ አንድ ዓመት፣ በአንድ ስልክ።

ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ስለሚሠራ ነው። አገር ቤት ያለ ዘመዱን «አያቴ በጋዜጣ ወጥተው ነበር አሉ፣ እስቲ ፈልግልኝ» ብሎ ይልካል። የድሮ ጋዜጦቻችን ስም ጽፋችሁ የምትፈልጉበት ማውጫ የላቸውም። ጥራዙን አንድ በአንድ መግለጥ ነው። ቀኑን ሳታውቁ ሰው ብትልኩ የዓመት ሥራ ነው፤ ቀኑን ካወቃችሁ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቀኑ ያለው ደግሞ ከቀብሩ ጋር ነው።

ወደ ቀብሩ ከመሄዳችሁ በፊት ስሙን አስተካክሉ። የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአባትና የአያት ስም ግድ ነው። ከዚያ የክርስትና ስም። ፍትሐቱም ተዝካሩም የሚደረገው በክርስትና ስም ነው። ሰፈሩ ሁሉ በሌላ ስም የሚያውቃት ሴት በቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ላይ ወለተ ማርያም ሆና ልታገኟት ትችላላችሁ። ማዕረግም ይለወጣል፤ በአንዱ ወረቀት ግራዝማች፣ በሌላው ቀኛዝማች፣ ሰውየው ግን አንድ ነው። እንዲያውም ማዕረጉ የትኛው ወረቀት እንደሚቀድም ይነግራችኋል። ፊደሉም እንደጸሐፊው ነው። «ኃይለ» የሚለውን ብቻ በሦስት ዓይነት ሀ ጽፈው ታገኙታላችሁ። ለምትልኩት ሰው ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝራችሁ ስጡት።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ደብሩ ነው። እኔ ግን እድሩን አስቀድማለሁ። ደብሩ መዝገብ ሊኖረውም ላይኖረውም ይችላል፤ እድር ግን የገንዘብ ነገር ስለሆነ ይጽፋል። የእድሩን ጸሐፊ አፈላልጉ፤ እሱ ካልተገኘ ጡሩምባ ነፊውን። ማን የት እንደተቀበረ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንዳልመጣ የሚያውቀው እሱ ነው። በአያቴ እድር መዝገብ ላይ ስማቸው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ «ባለቤታቸው ይቀጥላሉ» ይላል። አያቴ ሴቷ ከዚያ በኋላ ለስንት ዓመት እንደከፈሉ ሳይቀር ይታያል።

ደብሩ ጋ ስትደርሱ ጥያቄው ለሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤቱ ይቅረብ። የላካችሁት ልጅ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ይሂድ፣ ቄሱን «አባ» ብሎ መስቀል ይሳለም፣ ከዚያ ይጠይቅ። ጉዳይ ለማስፈጸም እንደመጣ ሰው ወረቀቱን አውጥቶ ቢቆም «ነገ ና» ነው መልሱ። የመቃብር ድንጋይ ከተገኘ ፎቶው ከቅርብ ይነሳ፤ ብርሃኑ ከጎን ሲሆን ጽሑፉ ይጎላል። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ ከሆነ ተጠንቀቁ። ፲፱፻፶፩ 1951 ነው፤ ያረጀ ድንጋይ ላይ ግን ፮ እና ፯ን መለየት ያስቸግራል። ግንባታ ሲመጣ መቃብር ይነሳል፣ አፅም ይዛወራል። ስለዚህ ፎቶውን ለፋሲካ ስመጣ አነሳዋለሁ አትበሉ።

መቃብር የሌላቸውም አሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 እና በተከታዮቹ ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ ያለቁት፣ በቀይ ሽብር ሬሳቸው ለቤተሰብ ያልተሰጠ። ለነሱ ቀኑን የምታገኙት ከሰው አፍ ነው፤ አዛውንቶቹን ዛሬውኑ ቅረጹ። በሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ መቃብሩ ላይ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ስለማይኖር ከድንጋዩ ይልቅ የመስጊዱ ሽማግሌዎችና ጎረቤት ይሻላሉ።

አሁን ጋዜጣው። ብርሃንና ሰላም በ1917 ጀምሮ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘልቋል። በወረራው ጊዜ «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል የጣሊያኖች ጋዜጣ ነበር። አያታችሁ በዚያ ላይ ከወጡ ቤተሰቡ ለምን ዝም እንዳለ ይገባችሁ ይሆናል። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ነው። ተራ ሰው በዜና አይወጣም፤ እውነቱን እንነጋገር። የሚወጣው በማስታወቂያ ነው፦ የሐዘን መግለጫ፣ የምስጋና፣ የፍርድ ቤት ጥሪ፣ «ወራሽነታቸው እንዲረጋገጥ ስለጠየቁ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ» የሚለው። ይህ የመጨረሻው የልጆችን ስም ስለሚደረድር ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። ከሞቱበት ቀን እስከ አርባው፣ ከዚያም እስከ ሙት ዓመቱ ያለውን አስገልጡ። በኔ ስሌት ከሰኔ 13 እስከ ሐምሌ 22 ነበር መጀመሪያው።

ጥራዞቹን ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ታገኛላችሁ። ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም አለው። አሜሪካ ላላችሁ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የኢትዮጵያ ጋዜጦችን ስለሚያከማች ዘመድ ከማስቸገር በፊት እዚያ ጠይቁ።

እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳትደግሙ። የአጎቴን ልጅ ስልከው «የ1959ን ሰኔ እይልኝ» አልኩት። እንደፈረንጅ መቁጠሬ ነበር። እሱ ምን ያውቃል፣ የኛን 1959 አውጥቶ ቀኑን ሙሉ አቧራ ሲያራግፍ ዋለ። ስምንት ዓመት ስተናል። ከዚያ ወዲህ ቀን በጻፍኩ ቁጥር «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳልል አላልፍም።

ጋዜጣ ለማየት ውክልና አያስፈልግም። «እኔ መዝገብ ቤት ሰው አለኝ» ለሚል ደላላም ብር አትላኩ። ጉዳዩ ወደ ውርስ ከዞረ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ስለሆነ ለድሮ ሟች የሞት ወረቀት በቀላሉ አይገኝም፤ የጋዜጣ ቁራጩና የእድሩ መዝገብ ደጋፊ ማስረጃ ሆነው ምስክር ይጨመርባቸዋል። ያኔ ውክልናው ኤምባሲ ተሰጥቶ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ተረጋግጦ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። ጉዳዩ በዝርዝር ይጻፍበት። «በስሜ ሁሉን እንዲያደርግ» የሚል ውክልና ለማንም አልሰጥም፣ ለወንድሜም ቢሆን።

በሁለተኛው ሙከራ የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። የምስጋና ማስታወቂያ ነው፣ ከአምስት መስመር አይበልጥም። በሐዘናችን ላጽናናችሁን ሁሉ ካለ በኋላ «በተለይም ከመንዝ ድረስ ለመጡት ወንድሞቻቸው» ይላል። እኛ ቤት ስለመንዝ ተወርቶ አያውቅም፤ አያቴ ወንድም እንደሌላቸው ነው የተነገረን። አክስቴ ጋ መልሼ ደወልኩና አነበብኩላት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ።